ዝምተኛው ፊደል

ኒውሊን፣ የዓሣ ወደብ፣ በኮርንዎል ዳርቻ፣
ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዝናብ፣ ዝናብ ብቻ።
መምህርት ሎዌና እጅጌዋን ጠቅልላ፣
ሃያ ሁለት ሕፃን ምንጣፍ ላይ ኮልኩላ፣
“ስሙን ተዉት” ትላለች፣ “ለስም አይቸኮልም፤
‘ኤስ’ እያለ የሚሳብ እባብ የትም የለም።”

“ስስስ” አሉ በአንድ አፍ፤ ክፍሉ ተነፈሰ፣
ሚስማር እንደ ነካው ጎማ እያፏጨ ፈሰሰ።
“ፕ” ከንፈርን ገጥሞ፣ ሻማ እንደ ማጥፋት፤
“ት” ከላይ ጥርስ ጀርባ በምላስ ጫፍ መምታት።

የእኛ ፊደል ሲወለድ አናባቢውን አዝሎ
ይመጣል፤ በአንድ ፊት ሁለት ነፍስ ጠቅልሎ።
የእነዚህ ለየብቻው ይቆማል፤ ቃል የሚሆነው
የልጅ ትንፋሽ መጥቶ ሲገጥመው ነው።

“ስ… አ… ት…” ታምሲን ደጋግማ ቀጠለች፣
ስታጠጋጋቸው፣ እግሯን አጥፋ ሳለች፣
“ሳት! ተቀመጠ ማለት ነው!” ብላ ተነሥታ ዘለለች።

ከዚያ የጆሪ ተራ። አራት ፊደል፣ በቀይ ቀለም።
ጣቱን ከሥር ከሥር እየነዳ፣ ሳይጣደፍም፣
“ክ… ን… ኦ… ት…”
“ክኖት!” ብሎ ገጠመው። ምንጣፉ ሙሉ ሳቀ፤
ጆሮው፣ የፈላ ውሃ እንደገባ ሸርጣን፣ እስከ አንገቱ ደመቀ።

“ኖት ነው” አለች ሎዌና፣ “ቋጠሮ፣ የገመድ።
‘ኬ’ እዚህ ቦታ ላይ አይናገርም፣ በልማድ።”
“ካልተናገረ ታዲያ ለምን ሆነ ጀማሪ?”
አለ፣ እንባውን ውጦ፣ የስድስት ዓመቱ ጆሪ።

“ከዘመናት በፊት ይጠራ ነበረ”
ልትል አሰበችና ከአፏ ላይ ቀረ።
ስድስት ዓመት ለሞላው ዘመናት ምኑ ነው?
ትናንትም ለእሱ ሩቅ ነው።

ጆሪ ካርዱን አልመለሰም። አያቱን አሰበ፣
ፔትሮክን፣ ጀልባዋ ከሰጠመች ወዲህ አንደበቱን የሰበሰበ፤
ማዕድ ሲቀርብ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከራስጌ የሚቀመጥ፣
የተበጠሰ መረብ ሲጠግን ጣቱ ብቻ የሚሮጥ፤
“ተናገር” የሚለው የለም፣
“ቦታ ልቀቅ” የሚለውም።

“ገባኝ” አለ ጆሪ። “እንደ አያቴ ነው።
አይናገርም። ግን ቋጠሮውን የያዘው እሱ ነው።”

ማንም አልሳቀም።
ሎዌና የሚቀጥለውን ካርድ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች።
ዝናቡ አላቆመም።
“ዕረፍት” አለች።