ጥንድ ብቻ

ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣ ፊቱን ሳይገልጥ ገና፣
ይማም ሙሄ ጠራኝ፦ «ብሩሽህን ይዘህ ና፤
አንድ ነገር ጻፍልኝ፣ ደማቅ፣ ከሩቅ የሚነበብ፣
ቀለሙን አትሰስት፣ እንዳያጥበው ዝናብ።»

ሱቁን ታውቁት የለ? ከቧንቧ ውሃ ዝቅ ብሎ፣
የሟች ዕቃ፣ የተፋታ ዕቃ፣ እላይ በላይ ተቆልሎ።
ከሚዛን ድንጋዩ፣ ከፋኖሱ መሀል፣
ሁለት ትልልቅ ሥዕል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የስፔን መኳንንት ናቸው» አለኝ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ፣
«የዱቄት ዕዳ ነው፤ ጣሊያኑ ለአባቴ የሰጠው፣ የዘጋ ለት አልቤርጎ።»

ሰውዬው ጥቁር ለብሷል፣ እጁን ሰይፉ ላይ ጥሎ፤
አንገቱ ላይ ሽብሽብ፣ ነጭ፣ ሰፌድ የሚያህል፣
ጭንቅላቱ እላዩ፣ ለብጠራ እንደ ቀረበ እህል።
የሴትዮዋ ቀሚስ ቀይ ነው፣ ወርቀ ዘቦ ጥልፉ፤
ጉንጯ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፣ እንደ ጥቅምት ጭቃ፣
ዓይኗ ግን ደህና ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት እንቅልፍ አሁን እንደ ነቃ።

ይማም ሲሰቅላቸው፣ ቀኙን ከግራ አሳስቶ፣
እሱ ወደ በሩ ያያል፣ እሷ ወደ ጓዳ፣ አንዱ ላንዱ ጀርባ ሰጥቶ።
ሰኞ ነበር፤ ገበያው ሳቀ። ከኩታበር ቅቤ ያመጡት እትዬ ዘምዘም
ግን አልሳቁም። «ኩርፊያ ሲያድር» አሉ፣ «ለግድግዳም አይጠቅም።
ሽማግሌ ጠፋ ወይ ደሴ?» እኔን መሰላል አስወጡኝ፤ ቦታ አለዋወጥናቸው፤
ዓይን ላይን ባይገጥሙም፣ ፊት ለፊት ሲዞሩ አየናቸው።
«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ፤ ዋጋ መጠየቅ ትዝም አላላቸው።

ጻፍኩ እንግዲህ፤ በነጭ ጣውላ፣ በቀይ ቀለም፦
«ጥንድ ብቻ ይሸጣል፤ ነጠላ የለም።»
ከሰዓት አንድ ባላገር ቆሞ፣ ፊደል ቆጥሮ ቆጥሮ፣
«ነጠላ ከሌለ፣ ጋቢስ የለህም?» አለው፣ ከምሩ፣ አንገቱን ቀብሮ።

ሐምሌ ሲጋመስ መኪና ቆመ።
ኮምቦልቻ ላይ ሆቴል የሚያሠራ ሰው ነው፤ አበጋዝ ይሉታል።
«ሴትዮዋን እወስዳለሁ፤ ለእንግዳ መቀበያው ታምራለች፤
እሱን ተወው፣ ፊቱ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፤ ብቻዋን ትበቃለች።»
ይማም «አይሆንም» አለ። ሰውዬው ከሠላሳ ሺህ ተነስቶ፣ አርባ ድረስ ጨመረ።
«ጥማድ በሬ የሚነጥል» አለ ይማም፣ «ማሳው ጦሙን አደረ።»
«ሃምሳ።»
ዝም ተባለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀጠቀጠው፤
ከጣራው ቀዳዳ አንድ ጠብታ ወርዶ፣
የይማምን የዕዳ ደብተር፣ የተጻፈውን ቀለም አቀለጠው።

ጠቅልዬ ያሰርኳት እኔ ነኝ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ፤
እሱ ያየኛል፣ ገመዱ እስኪያልቅ፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስ።

ጣራው ተሠራ። አዲሱ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤
ሰውዬው ግን፣ እጁን ሰይፉ ላይ ጥሎ፣ ባዶ ሚስማር ያያል።
ይማም አላስቻለውም፤ ሚስማሩ ላይ መስተዋት ሰቀለ፣
«ለሽያጭ ነው እንጂ፣ ለሱ ብዬ አይደለም» እያለ።
ከዚያ ወዲህ ሻሽ የምትለካ ልጅ፣ ጢሙን የሚያይ ሹፌር፣
መስተዋቱ ፊት የቆመ ሁሉ፣ ለጊዜው የጌታው አጋር።
በአንድ የገበያ ቀን አርባ ጊዜ ተዳረ፤
አንድ ቀን እኔም ቆምኩ፣ ቀለም በጠጣው ሸሚዜ፤ እሱ ግን አላፈረ።

«ጽሑፉን አጥፋልኝ» አለኝ ይማም፣ ዓይኔን ሳያይ።
በነጭ ደፈንኩት። ሁለቴ ደፈንኩት።
ርካሽ ነጭ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይሳሳል፣
ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ቀዩ ከሥር ይመለሳል፤
«ጥንድ» እንደ ተቀበረች ናት፣ ድምጿም የለ፤
«ብቻ» ግን፣ ቀላ ብላ፣ ትነበባለች ከመንገድ ላለ።

ትናንት ያ ባላገር ተመልሶ መጣ፦
«አሁንስ ነጠላ ገባልህ?» ብሎ ጠየቀ፣ ከዝናቡ ሸሽቶ።
ይማም ወደ ግድግዳው አገጩን አነሳ።
«አለ» አለው፣ ቀስ ብሎ። «አንድ ነጠላ።»