ጉጥ

ሠላሳ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬአለሁ፤
ዋንዛን ከቀረሮ በጨለማ በጣቴ እለያለሁ።
ጉጥ ያለበት ሳንቃ
መላጊያ ሲነካው ይጮሃል፣ አናጢው እንዲነቃ።
ሆዴ ግን አልጮኸም።
ድሮ ቃር ነበረብኝ፤ እሱንም በኪኒን አፉን ያዝኩት፣ ዳግም አልተነፈሰም።

ያወቀብኝ ሙዘሚል ነው፣ ሙያ የማስተምረው ልጅ፤
ሳንቃው ላይ አየ፣ ዐሥር ጊዜ ገፍቶ የሚያርፍ እጅ።
«ጋሼ፣ ከንፈርዎ ነጣ» አለኝ።
«ሰጋቱራ ነው» አልኩት።
ማታ ሬውዳ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ በስልኳ መብራት አየች፤
«ፈዛዛ ነው» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረች።

ሲነጋ በባጃጅ፣ በዝናብ፣ ከሂርማታ ወደ ሆስፒታል፤
ገበያተኛው ጭቃውን በአንድ እርምጃ ይዘላል፤
እኔ ሦስት ደረጃ ወጥቼ ደረቴ ይደልቃል።

ዶክተር ሲፈን ወጣት ናት፤ ጥያቄዋ ግን የመሮ ስለት።
«ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል?»
ለሚስቴ ያልነገርኩት ለሷ እንዴት ይነገራል?
ራሴን ነቀነቅሁላት።
«አባትዎ በምን ሞቱ? በሆድ ሕመም?»
«ግንድ ወድቆበት።» ብዕሯ አየር ላይ ቆመ፣ አልጻፈችም።
«የሚወስዱት መድኃኒት?»
«ኦሜፕራዞል። ከቁርስ በፊት፣ ዕለት በዕለት።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ትንሿ ልጄ ስትወለድ። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት።»
ማን አዘዘልዎ አላለችም።
መድኃኒት ቤቱን ሁላችንም እናውቃለን፤
«ያቺን» ብለን ሳንጨርስ እንቀበላለን።

ጉሮሮዬን አደነዘዙት፤ ምላሴ የሰው ምላስ ሆነ።
ቀለበት አስነከሱኝ፤ ጫፉ የሚያበራ ጥቁር ገመድ ወደ ውስጤ ዘለቀ።
በስክሪኑ አየሁ፦ እርጥብ ሮዝ ዋሻ፣
ከላይ በኩል የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ጉብታዎች፣ ያንጸባርቃሉ፤
ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ ትልቅ፣ ቀይ፣ በቀጭን እግር የቆመ፣
አናቱ የተላጠ፣ የሚደማ፣ እንደ ክረምት እንጉዳይ የለመለመ።
ምራቄ በጉንጬ ሲወርድ
ያሰብኩት ይኼን ነው፦ በየት በኩል፣ በምን መሮ ነው የሚጎረድ?
እሷ በሽቦ ሸምቀቆ አንቃ ቆረጠችው። አላመመኝም።

ሁለት ሳምንት ውጤት ጠበቅሁ።
ጎረቤቴ «ዕጢ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ።
በርጩማ ሠርቼ አንዱ እግር አጠረብኝ፤
ባለ ሦስት እግር አይናጋም ይላሉ፤ ይዘማል ግን።
ሙዘሚል አይቶ አቀረቀረ።

«ክፉ አይደለም» አለች።
የሰማሁት ያን ብቻ ነው፤ ደግማ ማስረዳት ነበረባት፦
ትንንሾቹ የኪኒኑ ናቸው፣ አሲዱ ለዓመታት ሲታፈን ያበጡ፤
ኪኒኑ ሲቆም ብዙዎቹ ይሟሽሻሉ።
ትልቁን ያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ግድግዳውን ሲያቆስል ኖሮ
ቁስሉ ሲድን፣ ሲድን፣ ከልኩ አልፎ።
«ዛፍም እንዲሁ ነው» አልኳት፤
«ገጀራ የነካው ግንድ ልዳን ሲል ያብጣል።»
ሳቀች። «ብዙ ሰው ይዞት ይኖራል፣ ሳያውቀው ይቀበራል፤
እርስዎን ደሙ ነው የጠቆመዎት።»

የዐሥራ አራት ቀን መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ደም የሚሞላም ብረት፤
ከመካከሉ ያቺው ኪኒን አለች!
«ለዐሥራ አራት ቀን ብቻ» ብላ ጣቷን ቀሰረች።
በዓመቱ ተመልሼ ገመዱን እውጣለሁ።

ዛሬ ሙዘሚል ሳንቃው ላይ ጉጥ አገኘና መሮ አነሳ።
«ቆይ» አልኩት።
«አይቆረጥም?»
«ይቆረጥ ይሆናል። ምን እንደሆነ መጀመሪያ ይታይ።»
ዙሪያውን ዳሰስን፤ ሁለታችንም ዝም።
ከዚያ መላጊያውን ተቀብዬ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመርኩ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረልኝ ነው።
ዐሥራ አንድ።