ሲላላ ሲጠብቅ

ከቶጎ ነው አሉን፣ ማሽን ሊተክል ነው፤
ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ ቶጎን የሚያውቅ ማን ነው?
ተማም ብቻ «ኳስ ላይ አይቻቸዋለሁ» አለ፤
ከዚያ ያለፈ እውቀት ከመስመር አራት የትም አልነበረ።

ስሙ ኤሶሃናም። ለአፋችን ራቀ፤
እንደ ትርፍ ጨርቅ ጫፉን ቆረጥንለት፣
«ኤሶ» ተብሎ ጸደቀ።
ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።
«ኤሶማ አምላክ ነው፤ ብቻውን፣ ራሱ!
‹ሰጠኝ› የሚለውን በላብኝ መቀሱ።»

ምሳ ሰዓት፣ ከዋንዛው ሥር፣ ቃሪያው አቃጥሎት፣
አማርኛውን እየጎተተ፣ የወሎን ቅላጼ አልብሶት፣
«ቋንቋዬ ካቢዬ» አለኝ፣ «ሰሜን ነው አገሩ፤
በድንጋይ እርከን ነው የሚታረስ ምድሩ፤
ያንን ይመስላል» ብሎ የጎፍን አሳየኝ፤
ዘመዶቹን ደግሞ በጣቱ ቆጠረልኝ፦
«ቴም የአክስቴ ልጅ ነው፣ ላማ ታናሽ ወንድም፤
ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ሁሉም ባይገባኝም።
ከጋና እስከ ቡርኪና የአያታችን ዘር ነው፤
ኤዌ ግን፣ ከባሕሩ ጠረፍ፣ ሌላ ነው፣ ሩቅ ነው፤
በእናንተው ሰባት ቤት ቢቆጠር ሠርግ አያስከለክል፤
ሚስቴ ኤዌ ናት» አለ፣ «ማንም ሳይበደል።»

እኔም አክስት አለችኝ፣ ሾንኬ፣ አርጎባ ናት፤
በቋንቋዋ ስትመርቀኝ ግማሹ ያመልጠኛል፣
ያመለጠኝን በአሜን እሞላዋለሁ።
ይኼን ስነግረው፣
«አየሽ» አለኝ፣ «የአክስት ልጅ እንዲህ ነው።»

አንድ ቀን ማሽኑ ተፈትቶ፣ እጁ ዘይት ነክሮ ሳለ፣
በሩ ላይ ሰው ቢያይ ጊዜ
«እዩ» አለ።
ሁላችን ዞርን፤ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ወለሉ፤
ሰዒዳማ ወንበር ላይ ወጣች፣ አይጥ መስሏት።
«ምኑን?»
«ምንም! እዩ በእኛ ሰው ነው፣ አንድ ሰው፤
ሲበዛ እያ ይሆናል፤ የቃሉ ጭራ ነው የሚነግረን።»
ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲገባ «እዩ!» እንባባላለን፤
በሱም በእኛም ልክ ነው፤ ዞር ብለን እናያለን።

ደብተር ነበረው፣ ለልጁ ተረት የሚጽፍበት።
«ይኼ ፊደል» አለኝ፣ «ሁሉን አይናገርም ቃሉን፤
ድምፄ ሽቅብ ሲወጣ አንድ ነገር ይሆናል፣
ቁልቁል ሲወርድ ሌላ፤
ወረቀቱ ላይ ግን መንታ ናቸው፣ አይለዩም።
የጎደለውን አንባቢው ከአፉ ያመጣል።»

ጠመኔ አነሣሁ፤ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋሁ፤
ሰፊ ብዬ ጻፍኩ።
«ላላ አድርገህ በለው፦ እኔ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ።
አሁን አጥብቀው፦ ሜዳው ነው፣ የቦርከና ዳሩ፣ ሰፊ።»
አፉ ውስጥ አመላለሰው፣ እንደ ትኩስ ድንች።
ፊደሉን ቀረብ ብሎ አየ፤ በጣቱ ዳበሰው፤
ጠመኔው ጣቱ ላይ ቀረ።
«ልዩነቱ የታለ?»
«የለም፤ አፍ ውስጥ ነው» አልኩት።

ዝም አለ።
ከዚያ ወደ ማሽኔ ጎንበስ አለና
የክሩን መወጠሪያ ግማሽ ዙር አላላው፤
ዓመት ሙሉ በጥብቀት ሲጨማደድ የኖረ ስፌት ነበር፣
ማንም ልብ ያላለው።
«አሁን ስፊ» አለኝ።

ሐምሌ ላይ ውሉ አለቀ።
ሚኒባሱ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ሲወጣ
ጉም ዋጠው፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነበር፣
ሲያውለበልብ ይሁን ዝናቡን ሲለካ አላወቅሁም።
ከልምድ የተነሣ ነው መሰል
«እዩ» አለች ሰዒዳ፤ ማንም አልሳቀ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ፎቶ መጣ፤
ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ ጠመኔ፣
‹ፊ›ዋ ወደ ጎን የወደቀች፣ ግን የእኛው ፊደል፦
ሰፊ ነሽ።
ላልቶ ይሁን ጠብቆ አልጻፈም፤
መቼም አይጻፍም።
እኔም አልጠየቅሁም።