ማውጫ

የሳስካቱን ጥር ነው፤ ወንዙ ቆሟል ደርቆ፣
ሻለቃ ትሬጊር ተቀመጠ፣ ካፖርቱን አውልቆ።
አውስትራሊያዊ ነው፤ ብርዱን ያልለመደ፣
ድሮ ኮማንዶ ነበር፤ አሁን ሬጅስትራር ነው፣ ከፋይል የተዛመደ።

የፈተናው ቀን፣ የከሰሉ ሒሳብ፣
የተሰበረ ወንበር፣ የተማሪ ሰበብ፣
ሁሉም እሱ ዘንድ ነው።
ባንድ ሌሊት ሦስት ድልድይ ያፈረሰ እጁ
ለእግረኛ ድልድይ ጣውላ መግዣ ይፈርማል፤ ዛሬ ይህ ነው አዋጁ።

እኔ ሁልዳ ፍሪዘን ነኝ፣ የእሱ ታይፕ ጸሐፊ፣
ጠዋት ደብዳቤውን፣
ከሰዓት ጦርነቱን በካርቦን አሳላፊ።
ቤታችን ሜኖናይት ነው፤ አባቴ ጠመንጃ ነክቶም አያውቅ፣
እኔ ግን የፊውዝ ክር ስንት ክንድ ቢቆረጥ
ስንት እስትንፋስ እንደሚቆይ ጠንቅቄ ነው የማውቅ።

ቲሞርን ጻፍናት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
ገደሉ፣ ዝናቡ፣ ወባው፣
የሬዲዮው ሽቦ በቆርቆሮ ቁራጭ መቀጠሉ፣
የጠላት ዘብ የሚለወጥበት ሰዓት፣
ሁሉም ሰነድ አለው፤ ሁሉም የግርጌ ማስታወሻ አለበት።
«ይመስለኛል» የሚል ቃል ከእሱ አፍ አይወጣም፤
ሁለት እማኝ ካላገኘ፣ በመጽሐፉ ዝናብ እንኳ አያመጣም።

አንድ ቦታ ብቻ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፣
ብዕሩ ይሰናከላል።
ይጽፋል። ይሰርዛል። ይጽፋል።
ከሥርዙ ሥር ያለውን፣ ወረቀቱን ለመስኮት ብርሃን ይዤ፣
እንደ ሌባ አነበብኩት፤

ማው ሌሲ የሚባል ልጅ፣ አሥራ ሦስት ቢሞላው፣
አሥር ወር ጓዙን ተሸክሞ፣
ወባ የጣለው ለት ሻለቃውን አዝሎ ወንዝ ያሻገረው፣
ጫማው እስኪደርቅለት እሳት ዳር ሲጠብቅ ያደረ ደግሞ።

«ጀልባዋ የያዘችው እኛን ብቻ ነው።
ልጁ ውሃው ደረቱ እስኪደርስ ተከተለን።
በስሜ ጠራኝ። እኔ...»

ስድስት ጊዜ ጻፈው፤ ስድስቱንም ጊዜ
«እኔ» ላይ ሲደርስ ቆመ።
የታተመው ግን፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ እንዲህ ነው፦
«ሰዎቹን ማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር።»
እማኙ ሁለት ነው። ሰነዱም አለ።

በመጨረሻ ማውጫውን ለእኔ ተወው፤
«ፊደል መደርደር ነው፣ ጀግና አያስፈልገው» አለኝ።
ካርዶቹን በጫማ ሳጥን ደረደርኩ፤
ማረፊያ ሰፈር፣
ማስተላለፊያ ጣቢያ፣
እጄ ቆመ።
ማውጫ ከተባለ፣ ብዬ አሰብኩ፣
አንድ ሰው እንኳ ያውጣ እንጂ፣ ከዚያ ከጨው ውሃ።
መታሁት፦ ማው ሌሲ፣ ፪፻፲፬።
ገጹ ላይ የለም። እሱም ያውቃል፤ እኔም።

የማረሚያው ቅጂ ሦስት ቀን እሱ ዘንድ አደረ፤
በአራተኛው ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት።
ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳይቀር በቀይ ተለቅሟል።
«ማ» ላይ ደረስኩ።
ስሙ አልተሰረዘም።
«ሲ» ብቻ ተሰርዛ፣ በላይዋ፣
የጀማሪ ተማሪ በሚመስል የተጠነቀቀ ጽሕፈት፣
«ኪ» ተብሎ ታርሟል፤
ማው ሌኪ።

ቀና ስል ከበሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።
«የጣውላው ደረሰኝ መጥቷል?» አለኝ።
መጥቷል፣ አልኩት።
ፈረመ።