የብድር መዝገብ

ይመር ሙሄ እባላለሁ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ፤
ምሁር አይደለሁም እኔ፣ የተዋሰውን ጠያቂ።

ኮሌጁ ሲጀመር፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ግንቡ ገና ሳይታይ፤
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ በእኩለ ቀን ንዳድ፣
መምህሩ ይጮሃል፣ ከጣራው ሲፋረድ።
ማሽን አልነበረም፤ ማሽኑ ወደብ ነው፤
ወረቀቱ ብቻ፣ ቀድሞት የደረሰው።

መምህር ልሳኑ፣ ጠመኔ አነሣና
ቶርኖ ሳለላቸው፣ በሰሌዳው ቁመና፤
«ይኼ መንጋጋው ነው፣ ብረት የሚነክስ፣
ይኼ ስለቱ ነው፣ ሲዞር የሚደርስ፤»
እያለ በክንዱ አየሩን ሲሾል፣
የጠመኔው ብናኝ ጫማው ላይ ሲቆለል፣
እኔ በር ላይ ቆሜ
የብረት ፍቅፋቂ መስሎኝ ልጠርግ ስል…

የመጀመሪያው ዙር፣ ቶርኖ ሳይነካ
ዓመት ሙሉ ቆረጠ፣ በጠመኔ ለካ።

ከዚያማ ባቲ አልፎ፣ በተሳቢ መጣ፤
ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ከሣጥኑ እስኪወጣ።
ክፍሉ እየበዛ፣ ስሙም እየረዘመ፣
ለእያንዳንዱ ክፍል፣ መደርደሪያ ቆመ፦
ሲቪሎች ሜትሬን፣ ቴዎዶላይቴን ይዘው
ማታ ይመጣሉ፣ በጭቃ ለውሰው፤
ኤሌክትሪክ ደግሞ፣ ቴስተር ይዞ ይሄዳል፣
ፊውዙን አቃጥሎ «ድሮም ሙት ነው» ይላል።
ጨርቃጨርቅ መጥቶ፣ አጉሊ መነጽር
ወስዶ ሲቆጥር ዋለ፣ የአቡጀዲ ክር፤
(ፋብሪካው ማዶ ነው፤ እናቱ ፈትላበት
ልጁ ስሙን ሊያውቅ፣ የእጇን ብልሃት።)
ሶፍትዌሮች ብቻ፣ ምን ይዋሱኝ ኖሯል፤
ሶኬቴን ለምነው፣ ስልክ ይሰኩብኛል።

ባንድ ሐሙስ ማታ፣ ጦይባ አረቡ መጣች፤
መካኒካል ሦስተኛ፤ ካሊፐር ፈረመች።
«ለሰኞ እመልሳለሁ፤ ሐርቡ ነው አባቴ፤
ዘንጉ ተበልቶበት፣ ወፍጮ ቆሟል ቤቴ፤
ልለካው ነው» አለች። ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ
«ሰኞ ካልመጣ ግን…» አልኳት ተቆጥቼ።

ሰኞ አልመጣችም።
ማክሰኞ ማስታወቂያ ላይ ስሟን ለጠፍሁ፤
ረቡዕ ከመዝገቤ፣ ቀይ መስመር አሰመርሁ።

ከዚያ የሆነው ሆነ፤ መንገዱ ተዘጋ።
ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣
ይተርከው ያየው፣ ጉልበት ያለው ይውጋ፤
እኔ ቆጣሪ ነኝ።
ስመለስ ቆጠርሁ፦
አራት ብሎን ቀርቷል፣ ከቶርኖው እግር ሥር፤
መደርደሪያው ባዶ፤ ሶኬቱም ሳይቀር።
መዝገቡ ግን ተርፏል፣ በአቧራ ተለውሶ፤
ማን ወረቀት ያነሣል፣ ብረቱን መልሶ?

መሬት ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ገጽ
አንድ በአንድ አነበብሁት።
«ተመለሰ»
«ተመለሰ»
«ተመለሰ» ያልሁት
አንዱም የለም ዛሬ።
አንድ መስመር ብቻ፣ በቀይ የጻፍሁት፣
ቂም ይዤ የጻፍሁት፦
«አልተመለሰም»።

ጥር ሲጋመስ መጣች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፤
ካሊፐሩ በሻሽ፣ ዱቄት ተንተርሶ።
«ዘንጉን ለካሁት» አለች፣ «ሦስት ሚሊ ቀጥኗል።
ዘገየሁ ጋሽ ይመር፤ ቅጣቱ ስንት ሆኗል?»

አፌ ተሳሰረ። በመስኮት ጠጋ ብዬ
መንጋጋውን ከፈትሁ፣ ዘጋሁት ቀስ ብዬ፤
ዜሮው ዜሮ ላይ ነው።
አልተዛነፈም።

በማግስቱ ደግሞ፣ መምህር ልሳኑ
(ፀጉሩ ጠመኔ ነው፣ ከብዷል መነጽሩ)
ከአራቱ ብሎን ፊት፣ ልጆቹን አቁሞ
ቶርኖውን ሳለላቸው፣ እንደ ድሮው ደግሞ፤
መንጋጋ፣ ስለት፣ ዘንግ።
ከፊት ጦይባ ቆማ፣ ካሊፐሩን ከፍታ
የሥዕሉን ዘንግ ለካች፣ ሰሌዳ ተጠግታ።
የሳቀ አልነበረም።

እኔ በሬ ላይ ነኝ፣ መጥረጊያዬን ይዤ፤
ዛሬስ አልተሳሳትሁም፣ ብናኙን አውቄ።
ቅጣቷን ሰርዣለሁ። ከዚያች ቀይ መስመር ጎን
«ተመለሰ» የሚል
እስካሁን አልጻፍሁም።
ብትጠይቀኝ እንኳ «ቀለም አልቆ» እላለሁ።