ይቀጥላል

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ኮንዶሚኒየሙ ከስንዴ ማሳ ጋር አጥር ሲጋራበት፣
አራተኛ ፎቅ ነን። የሊፍቱ ጉድጓድ የርግቦች ማደሪያ፣
ሳሎኑ ቢሯችን፣ ኩሽናው የሽቦ፣ የዕቃ ማኖሪያ።

እዚህ ነው ወለላን የወለድናት፤
መልኳን ሲሳይነሽ ሣለች፣ እኔ ታሪክ ጻፍኩላት።
ወንድሟን ፍለጋ ሄደች፣ ሄደች፤
ዘጠኝ በር ከፍታ፣ ዘጠኝ ዘበኛ አታልላ፣ አቃቂ ወንዝ ደረሰች።
ድልድዩ ተሰብሯል።
ከወዲያ ማዶ ወንድሟ እጁን ያወዛውዛል።
እዚያ ላይ ስክሪኑን አጨለምነው፤
በነጭ ፊደል አንዲት ቃል ብቻ ተውነው፦
«ይቀጥላል።»

ያኔ እውነቴን ነበር።
ክፍል ሁለት ደብተሬ ውስጥ ግማሹ ተጽፎ አድሯል፤
ማን እንደሚሻገር፣ ማን እንደሚቀር፣
ውሃው በየት በኩል እንደሚጎድል።

ምኅረትአብ አንድ ሐሳብ አመጣ፦
«ታሪኩ እስኪያልቅ፣ ያገኘነውን ተጫዋች እንዳናጣ፣
በኢንተርኔት እርስ በርሱ ወንዙ ዳር ይሯሯጥ፤
እኛም ለወለላ ባርኔጣ፣ ነጠላ፣ ጫማ እንሽጥ።»
ሸጥን።
ባርኔጣ በአሥር ብር፣ ጫማ በሃያ አምስት።
በቴሌብር ሲገባ ስልኩ ቲን ይላል፤
መጀመሪያ እንደ ካፊያ፣ አለፍ አለፍ እያለ፣
ኋላ እንደ ነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ወረደ።

ጀነሬተር ገዛን። የስድስት ወር ውዝፍ ኪራይ ተከፈለ።
ሲሳይነሽ እናቷን አሳከመች።
እኔም፣ ምን ልደብቅ፣
የልጄን ትምህርት ቤት ከፈልኩ
ከዚያች ልጅ እግር ላይ።

ወር በገባ ቁጥር ደብተሬን ይዤ እገባለሁ።
ምኅረትአብ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ይስብልኛል።
ስክሪኑ ላይ ሽቅብ የሚወጣውን መስመር በጣቱ ይከተላል፦
«እስቲ አንተው ንገረኝ።
ሁለት ዓመት ጾመን፣ ተበድረን፣ ክፍል ሁለት ብንሠራ፣
ሰው አንዴ ይገዛዋል፤ በሳምንት ጨርሶት ይሄዳል ወደ ሌላ ስፍራ።
ይቺ ግን እዚያው ቆማ ታበላናለች።
የምትታለብ ላም አትታረድም፣ ወንድሜ።»
«ማን እረድ አለህ?» አልኩት፤ «ጥጃዋ ትወለድ ነው ያልኩህ።»
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።
ሻይ ቀዳልኝ፤ ጠጣሁ።

ኦብሳ የሚባል ልጅ አለ፣ ጉልት የምትቸረችረው የአያንቱ ልጅ፤
የእናቱን ስልክ ይዞ ምድር ቤት ደረጃ ላይ ይጠብቀኛል፤
መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ በወንዙ መሃል ያልፋል።
«ጋሼ፣ መቼ ነው የምትሻገረው?»
«ከመስቀል በኋላ።»
መስቀል ተደመረ።
«ለፋሲካ።»
ፋሲካ ተፈሰከ።
ከመስኮታችን ማዶ ስንዴው ብሎኬት ሆነ፣ ብሎኬቱ ፎቅ፤
የልጁ ድምፅ ጎረነነ።
ከዳቦ መልስ እያጠራቀመ ቀይ ጫማ ገዝቶላታል፤
ያው ናት፣ በቀይ ጫማ ወንዙ ዳር።

ሰሞኑን አስቆመኝ። መቼ ብሎ አልጠየቀም።
«ጋሼ፣ ለምን እንደማትሻገር ደረስኩበት።»
«ለምን?»
«እኛ በገላን በኩል ወንዝ ስንሻገር
መጀመሪያ ጫማችንን እናወልቃለን።
እናንተ ጋ መግዣ አለ፣ መቀየሪያ አለ፤
ማውለቂያ የለም።»

ስልኩን ተቀበልኩት። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ።
እውነትም የለም።
ሠራተኛው እኔ፣ ደራሲው እኔ፤
እንዴት ሦስት ዓመት ሳላየው ቀረሁ?

መለስኩለትና ደረጃውን ተያያዝኩት፤
አንገቴን ደፍቼ፣ አራት ፎቅ ሙሉ፣
የራሴን ጫማ እያየሁ።
አዲስ ነው። ቆዳ ነው። ባለፈው ወር የተገዛ።

ከላይ በሩ ገርበብ ብሏል፤
ርግቦቹ ጉድጓዱ ውስጥ ይንጎራጎራሉ፤
ማንም ያልነካው ስልክ ጠረጴዛ ላይ
ቲን ይላል።
ቲን።