እንዴት ከረምሽ

እህል በረንዳ ላይ፣ ሚዛኑ ገና ሳይንቀሳቀስ፣
ከኤንትሬው ሥር ስንዴ ሲንጠባጠብ፣ ሲፈስ፣
ከዘርትሁን መጥረጊያ ቀድማ ለመድረስ
ጥለታም አንገቷን አስግጋ፣
ከቆርቆሮው ወረደች አንዲት ዋኖስ።

ሁመድ ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ።
አወቃት።
«አሳይታ፣ ከግራሩ ላይ፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር
አባቴ ይቺን ነበር የወር መግቢያ አርጎ የሚቆጥር።
አራት ዓመት ሆነው ግራሩ ባዶውን ሲያድር፤
ሞታለች ብለን ነበር።»

የሷ ክረምት የኛ በጋ ነው። ከሰሜን ብርድ ሸሽታ፣
በረሃው ዘር ቢነፍጋት ዳገቱን ወጣች፣ ማታ ማታ፣
እንደ ሁመድ፤
ያውም ያለ ደላላ፣ ያለ መታወቂያ፣ ያለ ዋስ፣
ከመርካቶ ጭስ መሐል የሰው ፍርፋሪ ልትቀምስ።

ዘርትሁን መጥረጊያዋን ገታ አደረገች።
ጥራጊው ነው ራቷ፤
እፍኝ ሙሉ ግን ከጎማው ጀርባ ተወች።
ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ቆየ ጎረቤት፣
«እንዴት ከረምሽ?» ስትላት፣
የመለሰው ሁመድ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና።»

ኤንትሬው ጥሩምባውን ነፋ።
አልበረረችም ገና።